ማታ ማታ ለአባት የሚነበቡ የትዝታ መጻሕፍት

ጥያቄ፦ «አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ዓይናቸው ስለ ደከመ ማታ ማታ እኔ አነብላቸዋለሁ። ልብ ወለድ አይወዱም፤ ‹የሆነውን አንብቢልኝ› ነው የሚሉኝ። እርስዎ ከመጻሕፍት ጋር የሚውሉ ሰው ነዎትና፣ ሰሞኑን ካነበቧቸው የሕይወት ታሪክና የትዝታ መጻሕፍት የትኞቹን ወደዷቸው? የትኛውንስ አምኖ ማንበብ ይቻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጽሐፍ ሻጭ የሚሸጠውን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን መጽሐፍ የምናውቀው በሽፋኑ፣ በጀርባ ጽሑፉና ማን ማን እንደሚገዛው በማየት ነው። የሕይወት ታሪክና ትዝታ ግን ከመደርደሪያ አውርጄ ቤቴ የምወስደው ዘርፍ ነው። ባለፈው ክረምትም አንዳንዶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ እንደገና፣ ጎን ለጎን እያደረግሁ ሳነብ ስለ ከረምኩ፣ የምሰጥዎ መልስ ከሻጭነቴ ይልቅ ከአንባቢነቴ የመጣ ነው ብለው ይውሰዱልኝ።

ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ጮክ ብለው የሚያነቡ ከሆነ በመንግሥቱ ለማ በተዘጋጀው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ይጀምሩ። ከዚያ የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁትና ከማስታውሰው» ጋር አጣምረው ያንብቡላቸው። አብዮቱን የመሩ ሰዎች የጻፏቸውን ግን ለሦስተኛ ዙር ያቆዩአቸው፤ አባትዎ ወታደር ስለ ነበሩ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ይሁንና እነዚያ መጻሕፍት የራሳቸው የሆነ አነባበብ አላቸውና ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

መጽሐፈ ትዝታ በ1959 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ጨዋታ በመቅረጸ ድምፅ ቀርጸው ወደ ወረቀት የገለበጡት ነው። አለቃ ለማ የቅኔ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ለብቻዬ በለሆሳስ ሳነበው አንዳንድ ቦታ ላይ መንገዱ ይጠፋብኝ ነበር፤ ጨዋታው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው፣ ከጉባኤ ቤት ወደ መኳንንት ግቢ ይሻገራል፤ የተጀመረው ወሬ ሳያልቅ ሌላ ይነሣና ኋላ ተመልሶ ይያዛል። አንድ ምሽት ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት ግን ያ ሁሉ መንገድ ቀና። ለካስ ዐረፍተ ነገሩ የተሠራው ለጆሮ ኖሯል፤ ተናጋሪው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ፣ የት ላይ ነገሩን እንደሚደግሙት፣ የት ላይ አድማጩ ስቆ እስኪጨርስ እንደሚጠብቁ፣ ድምፅ ሲሰጡት ወዲያው ይታወቃል። ግዕዝ ሲያጋጥምዎ አይጨነቁ፤ አባትዎ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው ከሆነ እርሳቸው ያርሙዎታል፤ ካልሆነም አልፈውት ቢሄዱ ወጉ አይጎድልም።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ከሁሉ ያስደነቀኝ የልጅየው ቁጥብነት ነው። መንግሥቱ ለማን የሚያህል የቃላት ሰው፣ የአባቱን ንግግር አሳምሮና አቃንቶ የራሱ ድርሰት ሊያስመስለው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ዛሬ ወደ መደብሬ ከሚመጡት የሕይወት ታሪኮች መካከል ባለታሪኩ ተናግሮ ሌላ ሰው የጻፋቸው ብዙዎች ናቸው፤ ችግራቸውም ኮሎኔሉ፣ ድምፃዊውና ነጋዴው ሁሉም በአንድ አፍ መናገራቸው ነው። ሦስቱም የተወለዱት «ፀሐይ ወርቃማ ጨረሯን በፈነጠቀችበት ማለዳ» ነው፤ ሦስቱም እናታቸውን ሲያስታውሱ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ኮለል ይላል። ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የራሱን አነጋገር ይዞ ኖሮ፣ ታሪኩ ሲጻፍ የጸሐፊውን አነጋገር ተውሶ መቅረቡ ያሳዝነኛል። የእነዚህን መጻሕፍት ስም አልጠራም፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ገጾች በቁምዎ ቢያነቡ ይለዩአቸዋል።

ስለ ማመን ያነሡት ጥያቄ ከበድ ይላል። ትዝታ መዝገብ አይደለምና ፍጹም እውነት ከማናቸውም አይጠበቅም። እኔ የምፈልገው ጸሐፊው ለራሱ ምንም የማይጠቅመውን፣ ይልቁንም ቢተወው ይሻለው የነበረውን ነገር አስገብቶ እንደ ሆነ ነው። የጀግንነቱን ቀን ማንም አይረሳም። የፈራበትን ሌሊት፣ ትእዛዙ ተሳስቶ ሰው ያለቀበትን ውጊያ፣ ባላንጣው ትክክል ሆኖ የተገኘበትን ክርክር ሲጽፍ ግን፣ ሌላውንም ለማመን ልቤ ይከፈታል። በአንጻሩ ራሱ ባልነበረበት ስብሰባ የተባለውን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቃል በቃል ሲያሰፍር ባየሁ ጊዜ መጽሐፉን አልወረውረውም፤ እርሳስ ግን አነሣለሁ።

በዚህ መለኪያ ሰሞኑን ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጡብኝ ቀደም ብዬ አጣምረው ያንብቧቸው ያልኩዎ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱ መጻሕፍት የሚያወሩት ስለ አንድ ጦር ነው። ልዑል ራስ እምሩ የጎጃም ገዢ ሳሉ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በዚያው ጦር ውስጥ የነበሩ፣ ከትምህርት ቤት ሥራ ወጥተው የዘመቱ ወጣት ናቸው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ያሸነፈው ይኸው ጦር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአየር ቦምብና የመርዝ ጢስ የወረደበት፣ ተከዜን ተሻግሮ እየተበተነ የተመለሰውም ይኸው ጦር ነው። ከጀርባው ደግሞ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጎጃም ላይ ሸፍተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ወደ ጎሬ ተሻገሩ፤ እዚያም የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞችና ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ተቀላቀሏቸው፤ በመጨረሻም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ፖንዛ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተጋዙ፤ ሐዲስም በፖንዛና በሊፓሪ ታስረው እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ። በነገራችን ላይ ሙሶሊኒ ከሥልጣን በወረደ ጊዜ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው በፖንዛ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው ይባላል፤ ይህን ለአባትዎ ሲነግሯቸው ፊታቸውን ይመልከቱ።

የጦር አዛዥና የበታች ሰው ስለ አንድ ዘመቻ ሲጽፉ የሚታያቸው ነገር ይለያያል። የራስ እምሩ አጻጻፍ ቁጥብ ነው፤ ጦሩ ከየት ተነሣ፣ ማን የትኛውን ክንፍ ያዘ፣ ምን ተሰማ፣ ምን ተወሰነ እያሉ ይሄዳሉ እንጂ ሐዘናቸውን እንኳ አያስረዝሙትም። በመጀመሪያ ንባቤ ይህ ደረቅነት መስሎኝ ነበር፤ ገጹ እየገፋ ሲሄድ ግን በእኒህ ሰው ላይ ከደረሰው መከራ አንጻር ዝምታቸው ራሱ እንደሚከብድ ተረዳሁ። ሐዲስ በአንጻሩ ሰው ላይ ይቆማሉ። ራስ እምሩ ባጭሩ ያለፉትን መንገድ ሐዲስ በእግራቸው ይሄዱበታል፤ የደከመውን፣ የራበውን፣ የከዳውን፣ ሳይከዳ የቀረውንም ፊቱን እያሳዩ ይነግሩናል። እንግዲህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፈ እጅ ነው። ይኸው እጅ ግን ለጥንቃቄም ምክንያት ነው። «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘመቻው ካለፈ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ስለዚህ ሐዲስ ሰዎችን በሚያነጋግሩበት ቦታ ሁሉ የንግግሩን መንፈስ እንጂ ቃሉን እንደማልይዝባቸው ወስኜ ነው ያነበብኩት፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ ከመጽሐፉ የሚያገኙት አይቀንስም።

እጅ የመስጠቱ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ንባብዎን አያቻኩሉት። ሽንፈትን መጻፍ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ለመስፍንና ለጦር አለቃ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ራስ እምሩ የተከታዮቻቸውን ሕይወት ለማትረፍ ሲሉ ራሳቸውን የሰጡ መሆናቸው ይታወቃል፤ ኋላ ግን ከተማረኩት ወጣት መኮንኖች ብዙዎቹን ጣሊያኖች ገደሏቸው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንባቢ፣ ያን ዕለት ከአዛዡ በኩልና ከወጣቱ በኩል እያየ ሲያነብ ማንም ታሪክ ጸሐፊ የማይሰጠውን ያገኛል። እኔ ያነበብኩት ከአንዱ አንድ ምዕራፍ፣ ከሌላው በዚያው ጊዜ ላይ የሚያርፈውን ክፍል እየወሰድኩ ነበር፤ ገጽ መፈለጉ ጥቂት ያሰለቻል፤ ዕልባት የሚሆን ሁለት ቁራጭ ወረቀት ከበቂ በላይ ነው። አባትዎ ደግሞ ወታደር ናቸውና ስንቁ ከየት መጣ፣ ጥይቱ ስንት ቀን ይበቃ ነበር፣ ያ መንገድ በስንት ቀን ይሄዳል ብለው ማቋረጣቸው አይቀርም፤ ያቋርጡ፤ እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚሆን ነገር አላቸው።

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» በዚህ ዓመት ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ሳሉ ዓድዋ የዘመቱ፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የቆሙ ሰው ናቸው፤ መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። የልጅነታቸው ክፍል፣ በተለይም የዓድዋው ጉዞ፣ በአማርኛ ከተጻፉት የልጅነት ትረካዎች ሁሉ ለእኔ የመጀመሪያው ነው። ካደጉ በኋላ ግን ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ አይሆንላቸውም፤ ምክራቸው ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ያልሰሟቸው ሁልጊዜ ይጸጸታሉ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከጉዳዩ ውስጥ የነበሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ ያን ምዕራፍ እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ቃል አድርጌ ነው ያነበብኩት። ይህን ስል አይግዙት ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አባትዎ ከእርሳቸው ጋር እየተሟገቱ ማምሸት የሚወዱ ይመስለኛል።

ለዚያው ዘመን ማመዛዘኛ የሚሆነው የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ነው። ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያዩትንና የሰሙትን በየዘመኑ ያሰፈሩበት ስለ ሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ማንበቡ ለአድማጭ ሊያደክም ይችላል። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ የጻፉበትን ክፍል ግን ሳያነቡላቸው አይለፉ። አዲስ አበባ ቀባሪ ያጣችበትን ያን ወር በኖረበት ሰው ቃል መስማት ሌላ ነገር ነው፤ አጻጻፋቸውም ስሜትን የሚቀሰቅስ ቃል ፍለጋ ሳይሄድ በረጋ ድምፅ የተመራ ነው።

አሁን ወደ ደርግ ዘመን። በመደብሬ ደጋግመው የሚጠየቁት የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የካፒቴን ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» እና የሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» ናቸው። ሦስቱንም አንብቤአቸዋለሁ፤ እንደ ሥነ ጽሑፍ የማረከኝ የለም፤ እንደ ሰነድ ግን ሳያነቡ መቅረት አይቻልም። ብቻቸውን ሲነበቡ ያሳስታሉ፤ እርስ በርስ የሚመላለሱ የክርክር መልሶች ናቸውና። እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ከዳር መጀመርን ትቶ ቀን መምረጥ ነው። ለምሳሌ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት የተረሸኑበትን ኅዳር 14 ቀን 1967ን፣ ወይም ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ የተገደሉበትን ጥር 26 ቀን 1969ን ይውሰዱና በሦስቱም ውስጥ የተጻፈውን በአንድ ምሽት ያንብቡ። እያንዳንዱ ደራሲ ያን ዕለት ራሱን የት እንዳስቀመጠ፣ ማንን በስም እንደ ጠራና ማንን እንዳለፈ ያስተውሉ። አባትዎ ያን ዘመን በሥራ ላይ ካሳለፉ፣ ከሦስቱም መጻሕፍት ያላገኘሁትን እርሳቸው ሊነግሩዎ ይችሉ ይሆናል፤ ደብተር አጠገብዎ ቢኖር አይከፋም።

ከሌላኛው ወገን የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለ፤ የኢሕአፓን ታሪክ ከውስጥ የሚተርክና ቅጾቹ የበዙ ነው። ለማታ ንባብ ግን ከእርሱ ይልቅ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» እመርጣለሁ። ጸሐፊዋ ከሐረር ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዲስ አበባ የመጣች፣ በድርጅቱ ውስጥ መሪ ሳትሆን አባል የነበረች ወጣት ናት፤ የምትወደው ጌታቸው ማሩ የተገደለው በገዛ ድርጅቱ ሰዎች እጅ ነው። ከላይ ያስቀመጥኩት መለኪያ እንደዚህ መጽሐፍ የሠራልኝ የለም። በሃያ ዓመቷ ያመነችበትን ነገር፣ ያን ጊዜ እንዴት እንዳመነችው ሳትደብቅ፣ ኋላም ምን እንዳስከፈላት ሳታለዝብ ትጽፋለች፤ ራሷንም ከተጠያቂነት አታወጣም። በዚያን ጊዜ ከማዶ የቆሙ ወታደር ሲሰሙት ሊቆጡ እንደሚችሉ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ የደርግ ሰዎችን መጻሕፍት ካነበቡላቸው በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። የእስር ቤቱ ክፍል ለአንዳንድ አድማጭ ከባድ ነው፤ በመኝታ ሰዓት ባያነቡት እመርጣለሁ።

ስለ ግዢውም ጥቂት ልበል። የቆዩ መጻሕፍት ገበያ ላይ ሲጠፉ በፎቶ ኮፒ እየተባዙ እንደ አዲስ ይሸጣሉ፤ ሽፋኑ ብልጭልጭ ሆኖ የውስጡ ፊደል የደበዘዘ፣ በገጹ ጠርዝ ላይም የመስመር መጨረሻ የተበላ ከሆነ ኮፒ ነው። ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የተበላውን ቃል እየገመቱ ማንበብ ድምፅን ያደናቅፋል። ከመክፈልዎ በፊት የገጹን ቁጥር ከመካከል ጀምረው ይቁጠሩ፤ በጥራዝ ጊዜ አሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ የወደቀበት ወይም ሁለት ጊዜ የገባበት መጽሐፍ ያጋጥማል፤ ደህና ሻጭ ያለ ክርክር ይቀይርልዎታል። የሐዲስን «ትዝታ» በአዳዲስ መጻሕፍት መደብር ካጡት ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ ያፈላልጉ፤ ሽፋኑ ቢያረጅም ገጹ ሙሉ ከሆነ ይውሰዱት። በዩኒቨርሲቲው ፕሬስ የታተሙትን ደግሞ በቅድሚያ ከዩኒቨርሲቲው የመጻሕፍት መሸጫ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ሲያነቡም የዓመተ ምሕረቱን ነገር ልብ ይበሉ፤ ጸሐፊዎቹ የኖሩበትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጽፉ፣ የውጭ አገሩን ክፍል አንዳንዴ በፈረንጆቹ ስለሚያደርጉት፣ ሰባትና ስምንት ዓመት የተዛነፈ ነገር ሲያጋጥምዎ ደራሲው ተሳስቷል ከማለትዎ በፊት ያመሳክሩት።

አባትዎ በየትኛው ግንባር እንዳገለገሉ አልጻፉልኝም። በኦጋዴን ከነበሩና በኤርትራ ከነበሩ የምመርጥላቸው የወታደሮች ትዝታ የተለያየ ነው፤ ቢነግሩኝ ለእርሳቸው የሚስማማውን ለይቼ እጽፍልዎታለሁ።